እስከ ሰበር ድረስ

አዲስ አበባ ውስጥ ሁለት ሰዎች ሲጣሉ ቆም ብሎ ያዳመጠ ሰው ጠቡ የራሱ ሥነ ሥርዓት እንዳለው ይገባዋል። መጀመሪያ ስድብ ነው። ስድቡ ሲነጥፍ «እከስሃለሁ» ይከተላል። ያኛው እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ «ክሰስ! የት ልትደርስ ነው?» ይላል። ይሄኔ ዛቹ ሌባ ጣቱን ወደ ላይ ቀስሮ የመጨረሻዋን ይለቃታል፦ «እስከ ሰበር ድረስ እሄዳለሁ!» «እስከ ፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ድረስ እሄድልሃለሁ» ብሎ የዛተ ሰው ግን እስከ ዛሬ አልገጠመኝም። ምድር ቤቱን ማን ይፈራዋል?

ሰበርን የማያውቅ የለም። የታክሲ ረዳቱ ያውቀዋል፤ ባለ ጉሊቷ ታውቀዋለች፤ ቤት አከራዩም ተከራዩም ያውቁታል። ክሱ ገና አልተጻፈም፣ ዳኝነቱ አልተከፈለም፣ የተከሳሹ የአባት ስም እንኳ በውል አልታወቀም፤ ሰውየው ግን አምስት ዳኞች ፊት ቆሞ ሲከራከር፣ ባላጋራው አንገቱን ሲደፋ ቁልጭ ብሎ ይታየዋል። ወደዚያ የሚያወጣው ደረጃ ስንት እርከን እንዳለው፣ እርከኑን ማን እንደ ደገፈውና ማን በጀት እንደ ቆረጠለት የሚጠይቅ ግን የለም።

እኔ አንድ ሁለት የሕግ ሰዎችን ጠይቄ፣ አዋጆቹንም አገላብጬ፣ ደረጃው ከታች እንዴት እንደሚጀምር ለማየት ሞከርኩ። በወረቀት ላይ ሲታይ አምሮበታል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ለፌዴራሉ ሦስት ደረጃ ሰጠው፦ የመጀመሪያ ደረጃ፣ ከፍተኛ፣ ጠቅላይ። ለክልሎችም እንዲሁ ሦስት። ሁለቱን ጎን ለጎን ስታያቸው ንጹሕ ሥራ ነው። አንቀጽ 78ን ዝቅ ብለህ ስታነብ ነው ነገሩ የሚጣፍጠው። የፌዴራል ከፍተኛና የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤቶች በየክልሉ የሚቋቋሙት የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ሲወስን ነው። እስኪወስን ድረስ የፌዴራሉን ሥልጣን የክልል ፍርድ ቤቶች በውክልና ይዘው ይሠራሉ። በ1995 በአዋጅ ቁጥር 322 ለአምስት ክልሎች ከፍተኛ ፍርድ ቤት እንዲቋቋም ተወሰነ፤ ለሌሎቹ ውክልናው እንዳለ ቀጠለ።

በዚህ የተነሳ የክልል ዳኛ ሁለት ሰው ነው። ባሕር ዳር ወይም አዳማ ላይ የተሰየመ ችሎት አንድ የወሰን ክርክር ሲሰማ የክልል ነው። መዝገቡ ተዘግቶ ቀጣዩ ሲከፈት፣ ጉዳዩ የፌዴራል ከሆነ፣ ዳኛው ከወንበራቸው ሳይነሱ፣ ካባቸውን ሳያወልቁ የፌዴራል ሆነው ይቀጥላሉ። የክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በዚህ ጊዜ የሚሠራው የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤትን ሥራ ነው። እናም ከገጠር ስንቁን ቋጥሮ የመጣ ተከራካሪ «ይኸው ጠቅላይ ደረስኩ!» ብሎ ላቡን ሲጠርግ፣ ጠበቃው ጆሮው ላይ ጎንበስ ብሎ «አባቴ፣ ገና ከፍተኛ ነዎት» ይለዋል። ከዚያ ይግባኙ ወደ ፌዴራል ጠቅላይ ነው። ሰውየው ሕንጻው ላይ «ጠቅላይ ፍርድ ቤት» የሚለውን ጽሑፍ ደግሞ ደጋግሞ ቢያነብም ለውጥ አያመጣም።

በጀቱም እንደዚያው ተሰናስሏል። የክልል ፍርድ ቤቶችን ገንዘብ የየክልሉ ምክር ቤት ይመድባል። የፌዴራል ሥራ ለሚሠሩበት ድርሻ ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ማካካሻ ይከፍላል፤ አንቀጽ 79 እንዲህ ይላል። አንድ ዳኛ ከሚቀመጡበት ወንበር የትኛው እግር የክልል፣ የትኛው የፌዴራል እንደሆነ ለይቶ ሒሳብ የሚሠራውን የፋይናንስ ባለሙያ ሳስበው ከዳኛው ይልቅ እሱ ያሳዝነኛል። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን ክብር ተሰጥቶታል፤ በጀቱን አዘጋጅቶ በቀጥታ ለምክር ቤቱ ያቀርባል፣ በማንም ሚኒስቴር በር አያልፍም። ነጻነት ማለት ቢያንስ ገንዘብ ስትጠይቅ ደጅ የምትጠናው አንድ ቤት ብቻ መሆኑ ነው።

ወደ አዲስ አበባ እንመለስ። የክልል ሰው ጣጣው አንድ ዳኛ ሁለት መሆኑ ነው፤ የኛ ጣጣ ፍርድ ቤቱ መብዛቱ ነው። የፌዴራሉ ሦስት ደረጃ አለ። የከተማው አስተዳደር የራሱ የመጀመሪያ ደረጃና ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት አለው። እስከ 5,000 ብር ለሚደርስ ክርክርም የቀበሌ ማኅበራዊ ፍርድ ቤት ተቋቁሞ ነበር። በ1992ቱ አዋጅ ቁጥር 188 ደግሞ የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች በሦስት ደረጃ ተደራጅተዋል፤ እዚያ የሚዳኘው ሁለቱም ወገን ሲፈቅድ ነው። ሁሉም ሕጋዊ ነው፤ ሁሉም ማኅተም አለው። አባታቸው ያረፉ ልጆች የወራሽነት ማስረጃ ሊያወጡ ሲሄዱ ነው የምናየው። ማስረጃውን የሚሰጠው የከተማው ፍርድ ቤት ነው። ወንድማማቾቹ እስከተስማሙ ድረስ ሁሉም ሰላም ነው። አንዷ እህት ከተፍ ብላ «እኔም ልጁ ነኝ» ስትል፣ ወይም በቤቱ ላይ ጠብ ሲነሳ፣ ጉዳዩ ከከተማው እጅ ወጥቶ ወደ ፌዴራሉ ይሻገራል። ኀዘንተኛው ቤተሰብ አርባውን ሳያወጣ «ይህ ፍርድ ቤት ሥልጣን የለውም» የሚለውን ዓረፍተ ነገር በቃሉ አጥንቶታል።

የገንዘቡን ጣሪያ ካነሳን አይቀር፣ አዋጅ ቁጥር 25/1988 ከ500,000 ብር በላይ የሆነውን ፍትሐ ብሔር ክርክር ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሰጥቶ ነበር። በ2013 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1234 ጣሪያውን ወደ 10 ሚሊዮን ብር ሰቀለው። ብራችን ምን ያህል እንደ ከሳ ባንኩ ቢያፍር እንኳ የፍርድ ቤት አዋጅ ደብቆ አያውቅም። ይህ ለውጥ ክብራቸውን የነካባቸው ሰዎች አሉ። ከዚያ በፊት በ600,000 ብር ክርክር «ጉዳዬ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው» ብሎ በልበ ሙሉነት ያወራ የነበረ ሰው፣ ዛሬ በዚያው ገንዘብ ከኪራይ ተሟጋች ጋር አንድ ኮሪደር ላይ ተራ ይጠብቃል። «ታዲያ 11 ሚሊዮን ብዬ ልክሰሳ!» የሚልም አይጠፋም። የዳኝነት ክፍያው በጠየቀው ገንዘብ ልክ እንደሚሰላ ሲነገረው ግን ጉዳቱ ወዲያው ይቀንስለታል።

ዳኝነት ላለመክፈል ሌላ በር አለ። አቅም የሌለው ሰው በደሃ ደንብ እንዲከስ የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ይፈቅዳል፤ ደግ ሕግ ነው። በዚያ በር የሚገቡትን ሁሉ ግን አትመኑ። ዓርብ ዕለት የክር ኮቱን ለብሶ ሠርግ ላይ ያየሁት ሰው ሰኞ ዕለት የተጎሳቆለ ሹራብ አድርጎ «ከዕለት ጉርሴ የሚተርፍ የለኝም» ብሎ ሊምል ቆሞ አይቻለሁ። የመኪናውን ቁልፍ ኪሱ ውስጥ አጥብቆ ይዞት ነበር፣ እንዳይንኳኳ።

ክብር ነክቶኛል ብሎ ለሚከስ ደግሞ ሌላ ድንቅ ነገር አለ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2116 ለሞራል ጉዳት የሚቆረጠው ካሳ ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ወስኗል። 1,000 ብር ያኔ ገንዘብ ነበር፤ በሬ ገዝቶ፣ ላም አስከትሎ ይተርፋል። ዛሬ ለሁለት ሰው ደህና ክትፎ አያበላም። የሰፈራችን ሰው ግን ይህን አያውቅም። «ስሜን አጥፍተሃል፤ ሁለት ሚሊዮን ብር እጠይቅሃለሁ!» እያለ አደባባይ ላይ ይጮኻል። የሰደበውም አያውቅም፣ ስለዚህ ይፈራል። ሁለቱም ሕጉን ባያውቁት ነው እንጂ፣ ቢያውቁት በወር አንድ ጊዜ እየከፈሉ የሚሳደቡ ሀብታሞች በበዙ ነበር።

እንግዲህ ደረጃው ይህ ነው። ማን ደግፎ እንዳቆመው ለማየት ግን ሕገ መንግሥቱን አጥፎ ኪስ ከትቶ፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ አንዱ ምድብ ችሎት ኮሪደር መቆም ይበቃል።

በር ላይ የዕለቱ መዝገቦች ዝርዝር ተለጥፏል። ሰው ሁሉ ጣቱን ወረቀቱ ላይ አድርጎ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፤ ስሙን አይፈልግም፣ ቁጥሩን ነው። የቆየ ተከራካሪ የመዝገብ ቁጥሩን በቃሉ ያውቃል፤ የሚስቱን ስልክ ግን «እስቲ ላውጣው» ብሎ ነው የሚነግርህ። ከአጠገቤ የቆሙ አንድ ጋሼ፣ ጎረቤታቸው የውሃ ታንከር ሞልቶ እየፈሰሰ የአጥራቸውን ግንብ አበላሽቶባቸው የከሰሱ ናቸው። ቁጥራቸው ዝርዝሩ ላይ አለ። ችሎት አስተናባሪው ግን አልጠራቸውም። ሄደው ጠየቁ።

«የርስዎ መዝገብ አልመጣም፤ መዝገብ ቤት ይጠይቁ» አላቸው።

ጋሼ መዝገብ ቤት ሄዱ። መስኮቱ ጋ ያለችው ልጅ ኮምፒውተሯን አየች፣ ከዚያ ባሕር መዝገቡን አየች፣ ከዚያ እሳቸውን አየች።

«ጋሼ፣ ወደ ችሎት ወጥቷል እኮ።»

«የኔ ልጅ፣ ከችሎት ነው የመጣሁት። የለም አሉኝ።»

«እንግዲህ መንገድ ላይ ነው ማለት ነው።»

መዝገብ ቤቱና ችሎቱ መሃል ያለው አንድ ደረጃና አንድ ኮሪደር ነው። ጋሼ ያንን መንገድ አራት ጊዜ ተመላለሱበት፤ መዝገባቸውን አላገኙትም። ዕድሜ ለአንዲት ተላላኪ፣ ፋይሉ ከሌላ ወፍራም ፋይል ጋር ተጣብቆ ሌላ ዳኛ ጠረጴዛ ላይ ተገኘ። የመዝገብ ቤቷ ልጅ ቀና ብላ ፈገግ አለችላቸውና «አላልኩዎትም? የትም አይሄድም» አለቻቸው። እኔ እዚያ ቆሜ የታዘብኩት፣ የአገሪቱ ዳኝነት ማለዳ ማለዳ በዚህች ተላላኪ ክንድ ላይ ታዝሎ ደረጃ እንደሚወጣ ነው። አዋጅ ቁጥር 1234 ስለ ሬጅስትራር፣ ስለ አስተርጓሚ፣ ስለ ጉዳይ ፍሰት ሥርዓት ብዙ ብሏል። በኢ-ፋይሊንግ ክስ ማስገባት ተጀምሯል፤ ክልል ያለ ተከራካሪም አዲስ አበባ ሳይመጣ በፕላዝማ የሚከራከርበት አሠራር ከመጣ ቆይቷል። ይሁን እንጂ ሲስተሙ ሄዷል በተባለ ቀን ሁሉም ዞሮ የሚያያት እሷኑ ነው። ደመወዟን ግን ዛቹም፣ ተዛቹም፣ እኔም ጠይቀን አናውቅም።

ከግቢው ውጭ ያለውም የሥርዓቱ አካል ነው፣ አዋጅ ባይጠራውም። ጥላ ዘርግቶ፣ ላፕቶፑን የፕላስቲክ ጠረጴዛ ላይ ያደረገው ማመልከቻ ጸሐፊ አለ። ድሮ የጽሕፈት መኪናው ድምፅ ከሩቅ ይሰማ ነበር። አሁን የሚሰማው የጄኔሬተር ነው። የሥነ ሥርዓት ሕጉ ክስ አጠር ብሎ፣ ለነገሩ አስፈላጊ የሆነውን ፍሬ ነገር ብቻ ይዞ ይጻፍ ይላል። ጸሐፊው ይህን ሕግ ከማናችንም በላይ ያውቀዋል፤ ነገር ግን ሒሳቡ በገጽ ነው። ስለዚህ የአጥር ክሱ የሚጀምረው ከሳሽ ቤቱን በሠራበት ዓመት፣ ተከሳሽ ገና ተከራይ ሆኖ በመጣበት ዘመን፣ ባበደሩት ምጣድ ነው። ታንከሩ የሚፈሰው አራተኛው ገጽ ላይ ነው። አጠገቡ ኮፒ ቤት አለ፤ ኮፒ ቤቱ አጠገብ ሻይ ቤት አለ፤ ሻይ ቤቱ ውስጥ ከሳሽና ተከሳሽ በአንድ ላዳ መጥተው፣ ሒሳቡን ተካፍለው፣ ሁለት ጠረጴዛ ላይ ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠው ቀጠሮ ይጠብቃሉ። ሰፈራቸው አንድ ነው፤ ለብቻ መምጣት ውድ ነው።

ይህ ሁሉ መሯሯጥ ነሐሴ ሲመጣ ጸጥ ይላል። ፍርድ ቤቶች የክረምት እረፍት አላቸው፤ አጣዳፊውን ጉዳይ ተረኛ ችሎት ይይዘዋል፣ የቀረው አዲስ ዓመትን ተሻግሮ ጥቅምትን ይጠብቃል። ሐምሌ መጨረሻ ላይ ቀጠሮ የተሰጠው ሰው ፊት ላይ የሚነበበው ነገር ከየትም የተለየ ነው።

ወደ ላይ የመውጣት ፍቅራችን ከየት እንደመጣ ግን ማሰቤ አልቀረም። ዛሬ የጀመርነው አይደለም። በድሮው ዘመን በሕግ አምላክ ተብሎ የተያዘ መንገደኛ፣ ሥራውን ትቶ ዳኛ ሆኖ ይቀመጥ ነበር። ከሳሽና ተከሳሽ ነጠላቸው ጫፍ ለጫፍ ተቋጥሮ፣ ተቆራኝተው፣ እየተወራረዱ ይሟገታሉ፤ በማር ይጀመራል፣ በቅሎም ፈረስም ይመጣል። የተሸነፈው አይቀበልም፤ ወደ ሚስለኔው፣ ከዚያ ወደ ገዢው፣ ከዚያ ወደ አፈ ንጉሡ፣ ከዚያ ወደ ዙፋን ችሎት። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ሚኒስትሮች ሲሾሙ ፍትሑን የያዙት አፈ ንጉሥ ነሲቡ መስቀሎ ነበሩ። ከጣልያን ወረራ በኋላ በ1934 አዋጅ ቁጥር 2 ፍርድ ቤቶቹን ደረጃ በደረጃ አደራጀ። ሕዝቡ ግን የንጉሡን መኪና አስቁሞ «አቤት!» ማለቱን አልተወም። ፍርድ ማለት እላይ ያለው ሰውዬ የሚያውቀው ነገር ነው፤ እታች ያሉት መንገድ የሚያሳዩ ናቸው። ዙፋን ችሎቱ ከዙፋኑ ጋር ሄደ። «አቤት» ባዩ ግን ቀረ፤ ሰበርን አገኘ።

ሰበር ሰሚ ችሎት የተፈጠረው ለአጥር አልነበረም። ሥራው የመጨረሻ ውሳኔ ባገኘ ጉዳይ ላይ መሠረታዊ የሕግ ስህተት ተሠርቶ እንደሆነ መመርመር ነው። ፍሬ ነገር አይሰማም፤ ምስክር አይጠራም፤ ታንከሩን ሄዶ አያይም። ማመልከቻው መጀመሪያ በሦስት ዳኞች ይጣራል፤ ያስቀርባል ሲባል ነው አምስት ዳኞች የሚሰየሙት። ከ1997ቱ አዋጅ ቁጥር 454 ጀምሮ የሚሰጠው የሕግ ትርጉም በየትኛውም ደረጃ ያሉ ፍርድ ቤቶችን ያስገድዳል፤ ክልሉንም ፌዴራሉንም። ውሳኔዎቹ ቅጽ በቅጽ ታትመው ይወጣሉ፤ ጠበቃ ቢሮ ስትገባ ከጀርባው ተደርድረው የምታያቸው እነሱ ናቸው፣ አንዳንዱ ላይ ያለው አቧራ ደግሞ የባለቤቱ የግል ምስክርነት ነው።

እንዲህ ያለ ከባድ ወንበር ላይ ምን እንደሚቀርብ ገምቱ። የሰፈራችን ሰው ሁለት ጊዜ ተሸንፎ፣ ጸሐፊው ጋ ሄዶ፣ «መሠረታዊ የሕግ ስህተት በለው» ይላል። ጸሐፊው ይለዋል። ስህተቱ ምንድን ነው? ዳኛዋ የእሱን ምስክር ትታ የእኛን ሰፈር ዕድር ጸሐፊ አመነች። ይህ የሕግ ሳይሆን የማስረጃ ምዘና ጉዳይ ነው ብትለው ይቆጣል፤ «ታዲያ እኔ ላይ የተሠራ ስህተት መሠረታዊ ካልሆነ የማን ነው መሠረታዊ?» ይልሃል። መልስ የለኝም። የክልል ጠቅላይ ፍርድ ቤቶችም የየራሳቸው ሰበር ችሎት ስላላቸው፣ እዚያ የተሸነፈው ደግሞ ወደ ፌዴራሉ ሰበር ይመጣል። በክልል ጉዳይ ላይ የፌዴራሉ ሰበር ይግባ አይግባ እያሉ የሕግ ምሁራን ለዓመታት ጽፈዋል፤ ተከራካሪው ግን ምሁራኑን አልጠበቃቸውም፣ ገብቶ ነበር።

ሰበርም ያልጠቀመው አያቆምም። የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ አለ፤ አሥራ አንድ አባላት ያሉት፣ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት የሚሰበስበው። ከእሱ በላይ የፌዴሬሽን ምክር ቤት አለ፤ አገራችን ሕገ መንግሥትን የመተርጎም ሥልጣን የሰጠችው ለፍርድ ቤት ሳይሆን ለዚህ ምክር ቤት ነው። ስለዚህ አጥሩ ሕገ መንግሥታዊ ጥያቄ ይሆናል። ከዚያም በኋላ ማመልከቻ አለ፤ ከታች ግልባጭ የሚል፦ ለጠቅላይ ሚኒስትር ጽሕፈት ቤት፣ ለእንባ ጠባቂ፣ ለሰብዓዊ መብት ኮሚሽን፣ ለቴሌቪዥኑ፣ ለክፍለ ከተማው። ከግልባጮቹ አንዱ እንኳ ዳኛ ቢሮ ከደረሰ ዳኛው ምን ሊሰማቸው እንደሚችል የሚያስብ የለም። ሕገ መንግሥቱ ዳኛ ከሕግ በቀር በማንም እንዳይመራ ብሎ፣ ያለ ዕድሜው እንዳይነሳ አጥር አጥሮለት፣ የሚሾመውንም የዳኞች አስተዳደር ጉባኤ እጩ አድርጎ አቅርቦ ምክር ቤቱ እንዲያጸድቀው አድርጓል። ስለ ዳኞች ነጻነት ማኪያቶ እየጠጣ ሁለት ሰዓት የሚተነትን ሰው፣ የራሱ ቀጠሮ ሲቃረብ «አንተ፣ እዚያ ችሎት የምታውቀው ሰው የለህም?» ብሎ ይጠይቅሃል።

ማሸነፍም አለ፣ አለመዘንጋት ነው። አንድ የማውቀው ሰው ያበደረውን ገንዘብ ከሶ፣ ይግባኙን ተሻግሮ፣ ተፈረደለት። ድግስ ደገሰ። በማግስቱ «አፈጻጸም» የሚባል አዲስ መዝገብ፣ አዲስ ቁጥር እንዳለው ተነገረው። የባለዕዳው መኪና ተከብሮ ለሐራጅ ወጣ፤ ሐራጁ ቀን የባለዕዳው ሚስት መጥታ «ግማሹ የኔ ነው፣ የጋራ ንብረት ነው፣ እኔ አልተከሰስኩም» አለች። ሕጉ ይህን አቤቱታ የሚሰማበት መንገድ አለው፤ ተሰማ። ወዳጄ አሁን የሚከራከረው ካበደረው ሰው ጋር ሳይሆን ብሩን አይታው ከማታውቀው ሚስቱ ጋር ነው። በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ይልቅ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ትቆጨኛለች ያለው ሰው፣ በፍርድ የመጣች በቅሎው ከጋጣው ሳትገባ ስንት ዓመት ደጅ እንደምትቆም አልነገረንም።

በ2011 ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነው ሲሾሙ የመጀመሪያዋ ሴት ነበሩ። በእሳቸው ጊዜ በ2013 ከወጡት ሕጎች አንዱ ይኸው አዋጅ 1234 ነው፤ እሱም ከታች፣ ምድር ቤቱ ላይ፣ አንድ ክፍል ጨመረ፦ ፍርድ ቤት መር አስማሚነት። ዳኛው ጉዳዩ በስምምነት ሊያልቅ ይችላል ብሎ ሲያምን፣ ወይም ተከራካሪዎቹ ሲጠይቁ፣ ወደ አስማሚ ይላካል፤ ከተስማሙ ስምምነቱ ይጸድቃል፣ ካልተስማሙ ወደ ችሎት ይመለሳል። ለሽምግልና አገር አዲስ ነገር አይደለም፤ አዲሱ ነገር ሽማግሌው ጠረጴዛና የመዝገብ ቁጥር ያለው መሆኑ ነው።

የታንከሩ ጋሼም ወደዚያ ተላኩ። ጎረቤታቸው መጣ። አስማሚዋ ሁለቱን ፊት ለፊት አስቀምጣ፣ ውሃ አቅርባ፣ መጀመሪያ ጋሼን ጠየቀች፦ ምን ቢደረግልዎ ነው የሚረኩት?

«እኔ ብሩን ፈልጌ አይደለም» አሉ ጋሼ። «ብሩ ይቅርብኝ። ብቻ 'አጥፍቻለሁ' ይበል፣ ሰው ባለበት።»

አስማሚዋ ወደ ጎረቤቱ ዞረች።

«ብሩን ዛሬውኑ እከፍላለሁ» አለ። «ግንቡንም አስለስኜ፣ ቀለም አስቀባለሁ። 'አጥፍቻለሁ' ግን አልልም።»

አስማሚዋ ቀና ብላ ሁለቱንም አየቻቸው። ከዚያ ቅጹ ላይ «አልተስማሙም» ብላ ጽፋ አስፈረመቻቸው። ጋሼ እስክሪብቶ ስላልነበራቸው ጎረቤታቸው አዋሷቸው። ቀጠሮው ጥር ነው።